«ቲቸር፣ ስንት እንዳለበት በምን ይታወቃል?» የጓያ መርዝ የተለካበት ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፣ የቸኮለ ማታ ይመለስበት።

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ነርቭ ሥርዓት እያስተማርኩ፣ ነርቮች እርስ በርሳቸው በኬሚካል እንደሚነጋገሩ ስናገር አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጓያ ነርቭ ይይዛል ይባላል። ገበያ የሚሸጠው ሽሮ ውስጥ ደግሞ ጓያ ይቀላቅሉበታል ይባላል። ስንት እንዳለበት በምን ይታወቃል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም መልሱን አላውቀውም ነበር። «አጣርቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። መምህር እንዲህ ሲል ብዙ ጊዜ ማምለጡ ነው፤ ይቺን ግን ማምለጥ አልፈለግኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ልጅ ሆነን ዳንግላ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ «አያ» ነበር የምንላቸው። በሁለት ዱላ ነው የሚሄዱት። አካሄዳቸው ለየት ያለ ነው፤ ተረከዛቸው መሬት አይነካም፣ በጣታቸው ነው የሚረግጡት፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ እግራቸው እንደ መቀስ ይጠላለፋል። እጃቸው ግን የብረት ነበር። ቁጭ ብለው ገመድ ሲገምዱ ጤነኛ ሰው አይደርስባቸውም። ጭንቅላታቸውም እንደ ምላጭ የሰላ ነው፤ የሰፈሩ ዕቁብ ሒሳብ እሳቸው ጋ ነበር። ለእኛ ሽማግሌ ይመስሉን ነበር። አሁን ሳሰላው ያኔ አርባ እንኳ አልሞላቸውም።

የመጡት ከደምቢያ ነው። «በስድሳ ዘጠኝ የያዘኝ ነው» ይሉ ነበር። እንዴት እንደያዛቸው ሲጠየቁ ሁልጊዜ አንድ ታሪክ ነው የሚናገሩት። ልጅ ነበሩ፣ ረሃብ ነበር፣ እናታቸው የጓያ ንፍሮ ጥደው ለውሃ ወረዱ፣ እሳቸው መታገሥ አቅቷቸው ድስቱን ከፈቱት። «እንፋሎቱ ጉልበቴን መታኝ። ስስቴ ነው የሰበረኝ» ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚናገሩት። እኛም እንስቅ ነበር፣ ምን እናውቃለን።

የጓያ እንፋሎት ይሰብራል የሚለው እምነት የአያ ብቻ አልነበረም። በጓያ ማሳ ውስጥ ያለፈ፣ ጭዱ ላይ የተኛ፣ እንፋሎቱን የሳበ ሰው ይያዛል ብሎ የሚያምነው ብዙ ነው፤ በሽታውን ያጠኑ ሐኪሞችም ይህንኑ ከገበሬው አፍ ሰምተው ጽፈዋል።

እንግዲህ ስለ ጓያ ትንሽ ልበል። እኛ እንጅባራ አካባቢ ያለን ሰዎች በቀዩ መሬታችን ገብስና ድንች እንጂ ጓያ ብዙም አናውቅም። ጓያ የጥቁር አፈር ልጅ ነው። ፎገራና ደምቢያ፣ ጣና ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት መሬት የእሱ አገር ነው። ገበሬው ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራዋል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይጠይቅም። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ድርቅ ቢመጣበትም ይችላል፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ እንዲያውም ለመሬቱ ናይትሮጅን ትቶለት ይሄዳል። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ባቄላው በውርጭ፣ ሽምብራው በትል፣ ጤፉ በዝናብ እጦት ሲጠፋ ጓያ ቆሞ ይገኛል።

ጉዱም እዚሁ ላይ ነው። በደህና ዘመን ጓያ ከጤፉና ከሌላው ጋር ተደባልቆ ስለሚበላ ማንንም አይሰብርም። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀርና ሰው ጠዋት ንፍሮ፣ ቀን ቆሎ፣ ማታ ሽሮ እያለ እሱኑ ብቻ ለሁለት ለሦስት ወር ሲበላ ግን እግር ይያዛል። አንድ ጠዋት ገበሬው ከመደቡ ሊነሳ ሲል እግሩ ግትር ብሎ እንቢ ይለዋል። ሕመምም ትኩሳትም የለውም። የሚድን በሽታም አይደለም። የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። አእምሮ አይነካም፣ ስሜት አይጠፋም፣ ዕድሜም አያጥርም። ሰውየው ቀሪ ዘመኑን ሁሉ እያወቀው በዱላ ይሄዳል። ሐኪሞች ደረጃውን ራሱን በዱላ ነው የሚቆጥሩት፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ የሚድህ። አያ ሦስተኛው ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን በ1671 እ.ኤ.አ. የጓያ ዱቄት ዳቦ ውስጥ እንዳይገባ አዋጅ አውጥቶ ነበር። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ (ስሙ ራሱ ይገርማል) በ1811 እና 1812 የማድሪድ ረሃብ ጊዜ ሰው ጓያ ሲበላ የሚያሳይ ሥዕል ትቷል። ሕንድ ውስጥ እንግሊዛዊው መኮንን ስሊማን መንደር ሙሉ ወጣት ሽባ ሆኖ ማየቱን ጽፏል። በሽታውን ላቲሪዝም ብሎ የሰየመው የኔፕልሱ ሐኪም ካንታኒ ነው፣ በ1873። ከሁሉ የሚከፋው የቫፕንያርካው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ዋና ቀለባቸው ጓያ ነበር፤ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ምክንያቱን ያወቀው እዚያው አብሮ የታሰረ ዶክተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነው። ታሪኩ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ድርቅ ወይም ጦርነት ይመጣል፣ ድሃ ሌላ የሚበላው ያጣል፣ ጓያ ይቀራል።

የእኛው በሐኪም እጅ በደንብ የተጻፈው የደምቢያው ነው። አያ «ስድሳ ዘጠኝ» የሚሉት፣ በፈረንጅ 1976 እና 77 መሆኑ ነው። ወረርሽኙን ያዩት ሐኪሞች ሪፖርታቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከዚያ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያና ፎገራ ወርደው ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ቆጠሩ፤ ጥናታቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተያዙት በብዛት ወጣት ወንዶች ነበሩ፣ አራሹ ኃይል ማለት ነው። ይሄ ወረርሽኝ መጥቶ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ የተቀመጠ የአካል ጉዳት መሆኑ በቁጥር የታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። በምን ይለካል?

ለመለካት መጀመሪያ ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። መርዙ ተለይቶ የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፣ በባንጋሎር የሕንድ ሳይንስ ተቋም ውስጥ፣ ራኦ፣ አዲጋ እና ሳርማ በተባሉ ተመራማሪዎች። በዚያው ዓመት ሌላ የሕንድ ቡድንም ለብቻው ደርሶበታል። ሙሉ ስሙ ምላስ ይሰብራል፤ ባጭሩ ኦዳፕ ነው የሚባለው። አሚኖ አሲድ ነው፣ ፕሮቲን ውስጥ ግን አይገባም፤ ጓያው ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ይገኛል።

ራኦ በ1978 እ.ኤ.አ. መለኪያ አወጣለት። የጓያውን ጭማቂ በፖታሽ ታፈላዋለህ፣ ኦዳፕ ይሰነጠቃል፣ ከስንጣሪው ጋር ሌላ ኬሚካል ስትቀላቅልበት ቢጫ ቀለም ይወጣል። ቢጫው በጠቆረ ቁጥር መርዙ ብዙ ነው። ቀለሙን በዓይንህ ሳይሆን ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል የብርሃን መለኪያ ታነበዋለህ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ የጓያ ዝርያዎችን ለማወዳደር እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። ግን አንድ ጉድለት አለው። ኦዳፕ ሁለት ዓይነት ነው፣ አልፋና ቤታ። ነርቭ ላይ የሚከፋው ቤታው ነው። ጓያ ሲበስል ደግሞ ከቤታው የተወሰነው ወደ አልፋ ይለወጣል። ቢጫው ቀለም ሁለቱን አይለይም፤ ደምሮ ነው የሚቆጥራቸው። ጥሬ ፍሬ ላይ ይሄ ያን ያህል አይጎዳም፣ አብዛኛው ቤታ ስለሆነ። የበሰለ ወጥ ላይ ግን ያሳስታል።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ ወደ ነርቭ መልእክተኛው የሚዞረው፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይሄው ነው።

ግሉታሜት የሚባል ነገር አለ። በ1908 ጃፓናዊው ኢኬዳ ከባሕር አረም ውስጥ አውጥቶ የወጥ ማጣፈጫ ያደረገው፣ ዛሬ አጂኖሞቶ ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው እሱ ነው። ቲማቲም ውስጥ አለ፣ ሥጋ ውስጥ አለ፣ ሰውነታችን ራሱም ይሠራዋል። በ1954 ሌላ ጃፓናዊ፣ ሃያሺ፣ ግሉታሜት ውሻ አንጎል ላይ ሲያደርግ ውሻው እንደሚንፈራገጥ ጻፈ። ብዙ ሳይንቲስት አልተቀበለውም። በየሴሉ ውስጥ ሞልቶ የሚገኝ ተራ ነገር እንዴት ብሎ የነርቭ መልእክተኛ ይሆናል ተባለ። ግን ነበር። ዛሬ የአንጎል ዋናው የ«ተነስ» መልእክተኛ መሆኑ አያከራክርም። አንዱ ነርቭ ግሉታሜት ይረጫል፣ የወዲያኛው ነርቭ ተቀባይ ይይዘዋል፣ ይነቃል፣ ከዚያ ግሉታሜቱ ቶሎ ይጠረጋል። «ቶሎ ይጠረጋል» የምትለዋን ያዙልኝ። ካልተጠረገ ነርቩ ያለ ዕረፍት ሲነቃ ይውልና ይሞታል። አሜሪካዊው ኦልኒ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህንን በአይጥ ግልገሎች አንጎል ላይ አሳይቷል።

ኦዳፕ ቅርጹ ግሉታሜትን ይመስላል። ሁለት መንትያ አስቡ፤ እናት ብቻ የምትለያቸው። ተቀባዩ ኦዳፕን ሲያገኝ ግሉታሜት መጣ ብሎ በሩን ይከፍታል። ግን ይሄኛው እንደ ባለቤቱ ተጠርጎ አይወጣም። ስፔንሰርና ባልደረቦቹ በ1986 እ.ኤ.አ. ዝንጀሮዎችን በጓያ እና በኦዳፕ ቀልበው በእግራቸው ላይ የበሽታውን ምልክት አይተዋል፤ ላንሴት ላይ ወጥቷል። እርግጥ ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ኦዳፕ ሴሉ ውስጥ ያለውንም የኃይል ምንጭ እንደሚያውክ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ዋናው ሐሳብ ግን ይኸው ነው። ነርቩ ተሳሳተ። የእንግዳውን ፊት ከቤተኛው ፊት መለየት አቃተው።

አሁን አዲስ አበባ እንግባ።

በ1980ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠሩ ነበር። ያኔ ጃፓኖች ግሉታሜትን የሚለካ ጥሩ መሣሪያ አግኝተው ነበር፤ ከአፈር ባክቴሪያ የወጣ፣ ግሉታሜት ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም። ሥራው ቀላል ነው። ግሉታሜት ሲያገኝ ይሰብረውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ያ ቁስል ላይ ሲደረግ አረፋ የሚያወጣው ነገር ማለት ነው። ፐርኦክሳይዱን በኤሌክትሮድ ታነበዋለህ፤ ብዙ ጅረት ካሳየህ ብዙ ግሉታሜት አለ። የነርቭ መልእክተኛን በላቦራቶሪ መቁጠር ይሉሃል ይሄ ነው፤ ሌሎች አገሮች የአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ግሉታሜት ለመቁጠር የሚጠቀሙበት መንገድ ነው።

ግርማ ሞገስ እና የሉንዱ ጊሊስ ዮሃንሰን ይህንን ኢንዛይም ወደ ጓያ አመጡት። ሥራቸው በ1994 እ.ኤ.አ. አናሊቲካል ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ወጣ። ለምን ለጓያ ሠራ? ኢንዛይሙም ስለሚሳሳት! ቤታ ኦዳፕን ሲያገኝ ግሉታሜት መስሎት ይሰብረዋል፣ ፐርኦክሳይድም ያወጣል። አልፋውን ግን አይነካውም። ማለትም ነርቩ የሚሳሳተውን ስሕተት ኢንዛይሙም ይሳሳታል። አያን በዱላ ያስሄደው ስሕተት መስታወት ቱቦ ውስጥ ገብቶ መለኪያ ሆነ። ቢጫው ቀለም የማይለየውን ቤታና አልፋ ይሄ ይለያል።

ይቺን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። የምር።

ግን ሌላ ችግር ነበረባቸው። ጓያው ውስጥ ራሱ እውነተኛ ግሉታሜት አለ። ኢንዛይሙ ሁለቱንም ከቆጠረ የትኛው ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥራ፣ ቴዎድሮስ ሰለሞን፣ መሪድ ተሰማ፣ ግርማ ሞገስ እና የሉንዱ ሎ ጎርተን ያሉበት ቡድን፣ ጭማቂውን መጀመሪያ በቀጭን የተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳለፈው። በቱቦው ውስጥ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ግሉታሜትና ኦዳፕ እኩል አይወጡም፣ ተራ በተራ ነው የሚወጡት፤ ኢንዛይሙም ተራ በተራ ይቆጥራቸዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአስር ዓመቱን ሥራ ባንድ ጽሑፍ አጠቃለው አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ዓለም ሁሉ የሚፈልገውን በሽታ አልነበረም። የካንሰር መለኪያ ቢሠሩ ኖሮ ሌላ ስም፣ ሌላ ገንዘብ ይኖር ነበር። የድሃ ገበሬን ንፍሮ ነው የለኩት። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን ስማቸውን የነገረኝ መምህር አልነበረም። እኔም እስከ አሁን ለማንም ተማሪ ነግሬ አላውቅም፣ ይሄው ዛሬ ጻፍኩ።

ታዲያ ተለካ፤ ቁጥሩ ምን ይላል?

ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም። ሕንዶቹ 0.2 በመቶን እንደ መለያ ወሰን ይጠቀሙበታል፤ የእኛ አገር የገበሬ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ናቸው። ለተማሪዎቼ ሒሳቡን ላሳይ። አንድ ሰው በችግር ጊዜ በቀን 400 ግራም ጓያ በላ እንበል፣ የጓያው መርዝ ደግሞ 0.5 በመቶ ነው እንበል። 400 ሲባዛ በ0.005፣ 2 ግራም። በቀን ሁለት ግራም ኦዳፕ፣ ለሦስት ወር። ያንኑ ሰው በደህና ዘመን አስቡት፤ ሽሮው ውስጥ 30 ግራም ጓያ ቢገባ 0.15 ግራም ነው፣ እሱም ከጤፍ እንጀራ ጋር።

ከዚያ ደግሞ ያው ዘር በተለያየ መሬት የተለያየ መርዝ ይይዛል። ዚንክ ያነሰው፣ ብረት የበዛው አፈር ኦዳፕን ከፍ እንደሚያደርገው የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላምባይንና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ድርቅም ከፍ ያደርገዋል። ይሄን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ድርቅ ሲመጣ ሰው ጓያ ብቻ ይበላል፤ በዚያው ድርቅ ጓያው ራሱ ይበልጥ ይመርዛል።

መርዙ ያነሰ ዘር ለማውጣትም ተሠርቷል። ኢካርዳ ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ያወጣው ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተለቀቀ፤ ኦዳፑ ወደ 0.08 በመቶ የወረደ ነው። ስሙ «ዋሴ» ነው። የእኔ ዋስ ማለት ነው፣ ስም ያወጣለት ሰው ይባረክ። ችግሩ ንብ ነው። ንብ ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት ይዛ ስትመጣ ዋሴው ከአሮጌው ጋር እየተዳቀለ ይሄዳል። ሕንድ በ1961 እ.ኤ.አ. በብዙ ክፍለ ግዛቶቿ ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ሰው ግን መዝራቱን አልተወም። የሚበላው ሌላ ነገር ሳትሰጠው አትብላ ብትለው ምን ዋጋ አለው።

ስለ ምግቡ ብዙ ያስተማረን የደላንታ ዳውንቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ፣ ደላንታ ዳውንት ላይ ሌላ ወረርሽኝ ተነሳ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን (በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ የሠሩት) ከፕሮፌሰር ረዳና ከላምባይን ጋር ሆነው በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ አሳወቁ። ከዚያ ዶክተር ኃይለኢየሱስ የታመሙ ሰዎችንና ያልታመሙ ጎረቤቶቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠየቁ፤ ጓያውን እንዴት ነበር የምትበሉት? ያገኙት ነገር ኩሽና ለገባ ሰው ሁሉ ይገባዋል። እሸቱን በጥሬው፣ ንፍሮውን፣ ቆሎውን የበሉ ይበልጥ ተጎድተዋል። በወጥ መልክ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተሠርቶ የበሉት አደጋቸው ያነሰ ነበር። ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉትም እንዲሁ። ምክንያቱ ብለው የሚያስቀምጡት፣ እህል ውስጥ ጓያ የሚጎድለው ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ አለ፣ ሰውነት ራሱን የሚከላከለው በእሱ ነው። ቅመሞቹም በየፊናቸው ይረዳሉ። በ2003 ላንሴት ላይ ያወጡት ሐሳብ ደግሞ ቀጥታ ለመንግሥትና ለእርዳታ ሰጪ የተባለ ነው። ድርቅ ሲገባ፣ ሰው ጓያ ብቻ መብላት ሳይጀምር፣ የእርዳታ እህሉ ቀድሞ ይድረስ። የዘገየ እህል ከረሃብ ሊያድን ይችላል፣ እግርን ግን አይመልስም።

እናቶቻችን ይህንን ሳይለኩ ያውቁት ነበር ልል ፈልጌ ተውኩት። ግማሹን ነው የሚያውቁት። ሽሮውን በቅመም ማብሰል ያውቃሉ፤ እንፋሎቱ ይሰብራል ብለውም ያምናሉ። አንዱ እውነት ነው፣ አንዱ አይደለም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደላንታ ወርዶ መጠየቅ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መለካት ይፈልጋል።

ለልጁ የመለስኩለት እንዲህ ነው። ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ በዓይን አይታወቅም፣ በምላስም እርግጠኛ አይኮንም። በራኦ ቢጫ ቀለም ለመለካት የሚያስፈልገው ስፔክትሮፎቶሜትር ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የማይጠፋ ዕቃ ነው፤ በኢንዛይሙ ለመለካት ግን ከዚያ በላይ መሣሪያና ሙያ ይፈልጋል። እኛ ቤት ያለውን ሽሮ ግን ማንም አልለካውም። ስለዚህ የማደርገው ሌላ ነው፤ ባለቤቴ ከገበያ ዱቄት መግዛት ትታ ሽምብራና አተሩን ፍሬውን ገዝታ ታስፈጫለች። ዋጋው ከፍ ይላል፣ አውቃለሁ። ዱቄቱን ለመግዛት የተገደደ ሰው ደግሞ አይደንግጥ፤ ጓያ ሰውን የሚሰብረው ለብቻው፣ በብዛት፣ ለወራት ሲበላ ነው። ልጁ ሰማኝና «ቲቸር፣ ታዲያ ዘንድሮ ሰው ሽሮ ብቻ እየበላ አይደል እንዴ?» አለኝ። ይሄኛውን አሁንም አልመለስኩለትም።

አያ ያረፉት እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፣ ከእንፋሎት ጋር ግን አይነሳም። ድስት የከፈተ ልጅ አይሰበርም። የሰበራቸው ለወራት የበሉት ነው፣ እሱንም የበሉት ሌላ ስላልነበረ ነው። ይሄን የሚነግራቸው ሰው ሳያገኙ፣ ስስቴ ነው እንዳሉ ሄዱ። ባንጋሎር መርዙን አውጥቶ ስም የሰጠው እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ኬሚስቶች ኢንዛይማቸውን ጓያ ላይ ሲሞክሩ ደግሞ አያ ዳንግላ ቁጭ ብለው ገመድ ይገምዱ ነበር፤ እኔም ከፊታቸው ቁጭ ብዬ ታሪኩን አስደግማቸው ነበር።

ከደምቢያ፣ ከፎገራ ወይም ከደላንታ ቤተሰብ ያላችሁ፣ በተለይ የስድሳ ዘጠኙን የሚያስታውስ አባት ወይም እናት በሕይወት ያሏችሁ፣ እባካችሁ ጠይቋቸው። ያኔ ምን ምን ይበሉ ነበር፣ በምን ዓይነት ድስት ያበስሉት ነበር፣ ማን ቀድሞ ተያዘ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አልጠቅስም።